የፊት ወንበር ብቻ የነበራቸው አየር መንገዶች

በኢኮኖሚክስ ትምህርት «ቋሚ ወጪ» የሚባለው ነገር ሁልጊዜ በፋብሪካ ምሳሌ ነው የሚቀርብልን። እኛ ደግሞ ለዛሬ ከሰማይ አንድ ምሳሌ ይዘን ቀርበናል።

እንደሚታወቀው በአውሮፕላን ውስጥ ፊት ለፊት ያለው ሰፊና ውድ ወንበር ቢዝነስ ክላስ ይባላል። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ኢኦስና ማክስጄት የተባሉ ሁለት አየር መንገዶች ይህን ወንበር ብቻ ይዘው በለንደንና በኒውዮርክ መካከል መብረር ጀመሩ። በጥር 1999 ሲልቨርጄት ተከተላቸው። ኢኦስ ያበረረው ቦይንግ 757 ነበር፤ የእኛም አየር መንገድ ለዓመታት ያበረረው ዓይነት ነው። ከ200 ሰው በላይ መያዝ በሚችለው አውሮፕላን ውስጥ ያስገባው ግን 48 ወንበር ብቻ ነው፤ ያውም ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን። ምቾቱስ ምቾት ነበር!

ታዲያ ሦስቱም ያለቁት በእኛው ሚሌንየም፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ማክስጄት በታኅሣሥ፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ቆመ፤ ኢኦስ በሚያዝያ፣ ሲልቨርጄት በግንቦት። ትኬት የቆረጠ መንገደኛ መንገድ ላይ ቀረ፣ ሠራተኛውም ተበተነ።

ብዙዎች ጥፋቱን በነዳጅ ላይ ይጥላሉ። በእርግጥ በ1998 መጀመሪያ 60 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በሐምሌ 2000 ከ147 ዶላር አልፏል። ይሁን እንጂ ነዳጁ የተወደደው ለሁሉም ነው። ታዲያ እነዚህ ለምን ቀድመው ወደቁ?

ከቢቸና ሞጣ የሚሄዱ ሁለት አውቶቡሶች አሉ እንበል። የአንዱ ጉዞ ወጪ 4500 ብር ነው። አንደኛው 60 ወንበር በ100 ብር፣ ሁለተኛው 15 ሶፋ በ400 ብር ይሸጣል። ሁለቱም ከሞሉ ገቢያቸው እኩል 6000 ብር ነው። አሁን ከእያንዳንዳቸው 5 ሰው ይቅር። የመጀመሪያው 5500 አግኝቶ 1000 ብር ያተርፋል፤ ባለ ሶፋው 4000 አግኝቶ 500 ብር ይከስራል። ሾፌሩም ነዳጁም ያው ነው፤ ሰው ቀረ ብሎ መንገዱ አያጥርም።

ትልልቆቹ አየር መንገዶች የዳኑት የኋላ ወንበር ስላላቸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ የተረከበው ቦይንግ 787 ፊት 24፣ ኋላ 246 ወንበር ነበረው፤ ከሥር ደግሞ ጭነት አለ። የፊቱ ቢጎድል የኋላው ይሸከመዋል። በዚያ ላይ ትልልቆቹ በለንደንና በኒውዮርክ መካከል በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚበሩ፣ የጧቱ ያመለጠው ነጋዴ በማታው ይሄዳል።

ሁሉም ወደቀ ማለታችን ግን አይደለም። የፈረንሳዩ ላ ኮምፓኒ በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ተነስቶ ዓመታት ተሻግሯል፤ ኋላ ላይ የያዘው 76 ወንበር ያለው፣ ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን ነው።

መልመጃ፦ የጉዞው ወጪ ወደ 5000 ብር ቢያድግ እያንዳንዱ አውቶቡስ ሳይከስር ስንት ባዶ ወንበር ይችላል?