ክራራችንን ለመቅረጽ ምን ዓይነት ማይክሮፎን እንግዛ?

በየመንደራችን ክራር የሚመቱ፣ ማሲንቆ የሚጫወቱ፣ በገና የሚደረድሩ ሽማግሌዎች አሉ። አንዳንዶቹ የሚያውቁትን ዜማ ሌላ ሰው አያውቀውም። እነሱ ያለፉ ዕለት ዜማውም አብሮ ይቀበራል። ያን ጊዜ «ምነው ቀርጸነው ቢሆን!» እንላለን።

ዛሬ በብዙዎቻችን ቤት ድምፅ መቅረጽ የሚችል የእጅ ስልክ አለ። ሆኖም በስልክ የቀረጽነው ክራር ብዙ ጊዜ ደስ አይልም። ድምፁ ከወንዝ ማዶ የመጣ ይመስላል። ዶሮው ከክራሩ በላይ ይጮኻል። ስለዚህ «ማይክሮፎን እንግዛ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ገንዘቡ ግን ከየት ነው የሚመጣው? ከበግ ሽያጭ ወይም ከማኅበር መዋጮ ነው። እንግዲያው ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ማይክሮፎን ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እንወቅ።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ከበሮ ሲመታ እጃችንን ቆዳው ላይ ብናሳርፍ መንቀጥቀጡ ይሰማናል። የቆዳው መንቀጥቀጥ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። አየሩ ደግሞ በጆሯችን ውስጥ ያለውን ስስ ቆዳ ያንቀጠቅጠዋል። መስማት ማለት ይኸው ነው። ማይክሮፎንም እንደ ጆሮ ነው። በውስጡ በጣም የሳሳ ሽፋን አለው። አየሩ ሽፋኑን ሲነቀንቀው ንቅናቄው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ኤሌክትሪኩ በሽቦ አልፎ ወደ ስልኩ ወይም ወደ መቅረጸ ድምፁ ይገባል።

ማይክሮፎን ሳይኖርም ድምፅ ይቀረጽ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚያ ዘመን ዘፋኙ የሚዘፍነው በአንድ ትልቅ የመለከት አፍ ውስጥ ነበር። ድምፁ በራሱ ጉልበት መርፌውን እየነቀነቀ ሰም ላይ ይጽፍ ነበር። ዘፋኙ ከመለከቱ ፈቀቅ ካለ ሰሙ ድምፁን በደንብ አይዝም። ለገበያ የሚወጡ ሸክላዎች በማይክሮፎን መቀረጽ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። መሣሪያው ተለወጠ፤ የቅርበቱ ነገር ግን ዛሬም አልተለወጠም።

ይህን በቁጥር እንየው። ማይክሮፎኑን ከክራሩ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ አስቀመጥነው እንበል። ቀጥሎ ወደ አራት ስንዝር አራቅነው። ርቀቱ እጥፍ ሆነ። የሚደርሰው የክራር ድምፅ ኃይል ግን በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። ደጅ ያለው ዶሮ ግን ከማይክሮፎኑ ጋር ያለው ርቀት ብዙም ስለማይለወጥ ጩኸቱ እንዳለ ነው። ዶሮው ክራሩን የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ውድ ማይክሮፎን ገዝተን ጥግ ላይ ከምናቆመው ያለንን ስልክ ብናስጠጋ ይሻላል።

እንግዲያው እስኪ በመጀመሪያ ምንም ሳንገዛ እንሞክር። አብዛኛውን ጊዜ ከስልኩ ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የስልኩ ማይክሮፎን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቀዳዳዋን ወደ ክራሩ ቆዳ እናዙር፤ ርቀቱ ከሁለት ስንዝር አይብለጥ። ስልኩን በእጅ አንያዝ፤ የጣት መንቀሳቀስ ሁሉ ይቀረጻልና። በርጩማ ላይ ጋቢ አጥፈን እናስቀምጠው። ቻርጀር ላይ ከተሰካ እንንቀለው፤ አለዚያ ከመብራቱ የሚመጣ «እምምም» የሚል ድምፅ ሊገባ ይችላል። ጥሪ እንዳይመጣብንም ኔትወርኩን እናጥፋ።

የምንቀርጽበትን ቤትም እንምረጥ። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ድምፅን ያስተጋባል። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ግን ድምፅን ይመጣል። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚንቀው ጎጆ ለዚህ ሥራ ከቆርቆሮው ቤት ይበልጣል! ጎጆ ከሌለ በክራር መቺው ጀርባና በፊት ለፊቱ ጋቢና ብርድ ልብስ እንስቀል።

አንድ ነገር እንጨምር። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገን አንቅረጽ። ያ ለንግግር ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ድምፁን ይጨምቀዋል፤ የክሩ ጥራትም ይጠፋል። በስልኩ በራሱ መቅረጫ እንቅረጽ። «ዋቭ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን እንምረጥ። ይህ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ በአንድ ማይክሮፎን ለተቀረጸ አንድ ደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። ቦታው ግን የሚያስቆጭ አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርገን አሁንም ካልረካን ያን ጊዜ ገበያ እንውጣ። በገበያ የምናገኛቸው ማይክሮፎኖች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዘፋኞች መድረክ ላይ ጨብጠው የሚይዙት በአብዛኛው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። በውስጡ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት አለ። ሽፋኑ ሲነቃነቅ ጥቅሉ በማግኔቱ አጠገብ ይንቀሳቀሳል፤ እንደ ብስክሌት ዳይናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅ ቶሎ አይበላሽም። ሹር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ኤስ ኤም 57 የሚባለው ዳይናሚክ ማይክሮፎን እስከ ዛሬ ይሸጣል። ነገር ግን ዳይናሚክ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። ክራር ደግሞ ዝግ ያለ ድምፅ ነው ያለው። ስለዚህ ብዙ ማጉላት ያስፈልጋል። ማጉያው ደካማ ከሆነ ከክራሩ ጋር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ ይጎላል። በዚያም ላይ በቀጥታ ስልክ ላይ ልንሰካው አንችልም።

ሌላው ኮንደንሰር የሚባለው ነው። ይህ ትንሿን ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ከተማ ውስጥ ክራርና ጊታር በጥራት የሚቀርጹ ሰዎች ይወዱታል። ግን የራሱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ 48 ቮልት። ይህን ኃይል የሚሰጠው ለብቻው የሚሸጥ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ደግሞ ኮምፒዩተርና መብራት ይጠይቃል። ሣጥኑ ሳይኖር ማይክሮፎኑን ብቻ መግዛት ቀንበር ሳይኖር ሞፈር እንደ መግዛት ነው። ሻጩ «ይህ የስቱዲዮ ነው» ብሎ ከነመቆሚያው አሳምሮ ሊያሳየን ይችላል። እኛ ግን «ኃይሉን ከየት ነው የሚያገኘው? ምን ላይ ነው የሚሰካው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ካላጠገበን ብራችንን ከኪሳችን አናውጣ።

ስልክ ብቻ ላለን ሰዎች የሚበጀው ሦስተኛው ነው። ይህም ኮሌታ ላይ የሚቆነጠጠው፣ ሽቦ ያለው ትንሽ ማይክሮፎን ነው። ከኮንደንሰር ወገን ነው፤ ግን በውስጡ ያለው ሽፋን የኤሌክትሪክ ሙሌቱን ይዞ የሚኖር በመሆኑ ከስልኩ የሚደርሰው ጥቂት ኃይል ይበቃዋል። ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ አገር የፈለሰፉት ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ርካሽ ሊሆን የቻለውም በእነሱ ብልሃት ነው። ሽቦው ረጅም ስለሆነ ስልኩን አርቀን ማይክሮፎኑን ወደ ክራሩ ማስጠጋት እንችላለን። ጉድለትም አለው። አብዛኛው ከዙሪያው የሚመጣውን ሁሉ እኩል ይሰማል። ስለዚህ ከአንድ ስንዝር ተኩል አናርቀው።

ሽቦ አልባዎቹም አሉ። ለንግግር ደኅና ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቹ ጫጫታ የሚያጠፋ ነገር ተገጥሞላቸዋል። ያ ነገር ክሩ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ የሚሞተውን ድምፅ ጫጫታ መስሎት ሊቆርጠው ይችላል። ለትዝታ ቅኝት ደግሞ ውበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሽቦ አልባ ከገዛን ጫጫታ ማጥፊያው የሚዘጋ መሆኑን እናረጋግጥ።

ሱቅ ስንሄድ ስልካችንንና ጆሮ ማዳመጫችንን ይዘን እንሂድ። መሰኪያውን እንይ። ክብ መሰኪያ ከሆነ ጥቁር ቀለበቶቹን እንቁጠር። ሦስት ቀለበት ያለው ለስልክ የተሠራ ነው። ሁለት ብቻ ያለው ስልክ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ስልካችን ክብ ቀዳዳ ከሌለው ቻርጀሩ የሚገባበት ላይ የሚሰካውን እንጠይቅ። ከዚያ እዚያው ሰክተን እንቅረጽ። የማይክሮፎኑን ራስ በጥፍራችን ቀስ ብለን እንጫር፤ ቀጥሎ የስልኩን ግርጌ እንጫር። መልሰን ስንሰማው የስልኩ መጫር ከበለጠ፣ ስልኩ አሁንም በራሱ ማይክሮፎን እየሰማ ነው፤ አዲሱ አልሠራም ማለት ነው። በመጨረሻም ማንም ሳይናገር ግማሽ ደቂቃ እንቅረጽና በጆሮ ማዳመጫ እንስማ። «ሽሽሽ» የሚለው ከበዛ ሌላ እንሞክር። ታዋቂ ስም ተለጥፎበት በጣም ርካሽ የሆነውን እንጠርጥር፤ አስመስሎ የተሠራ ብዙ አለ።

ገዝተን ቤት ስንገባ ማይክሮፎኑን የት እናድርግ? ክራር ዋና ድምፁን የሚሰጠው በቆዳ ከተለበጠው ገበቴ ነው። ወደዚያ እናዙረው፤ ግን ከሚመታው እጅ ትንሽ ወደ ጎን እናድርገው። መቺው አብሮ የሚዘፍን ከሆነ በአፉና በክራሩ መካከል እናስቀምጠው፤ የጎደለውን እየሰማን ወደዚያ ወይም ወደዚህ ፈቀቅ እናድርግ። ከከተማ ጊታር ይዘው የሚመጡ ልጆቻችን ደግሞ ወደ ትልቁ ቀዳዳ ቀጥታ ማዞር የለባቸውም፤ ድምፁ ይጎረብጣል። አንገቱና ሆዱ የሚገናኙበት አካባቢ ይሻላል። በገና ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ለንግግር የተሠራ ማይክሮፎን ጎርናናውን ሊያስቀርበት ይችላል። ማሲንቆ ግን ችግር የለበትም፤ እሱ ራሱ ይጮኻል።

የቀረጽነውን ለሌላ ሰው ከመላካችን በፊት የመቺውን ፈቃድ እንጠይቅ። ሚሞሪ ካርድ ይበላሻል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ካርድ ላይ ገልብጠን ሌላ ቤት እናስቀምጥ። ከካርዱ ጋር በወረቀት ላይ የመቺውን ስም ከነአባታቸው፣ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ዜማውን ከማን እንደተማሩት፣ ቅኝቱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ መሆኑን እንጻፍ። ቅኝቱን ለይተን ካላወቅነው ክራራቸውን እየቃኙ ሳለ ራሳቸውን እንጠይቃቸው፤ ያን ጊዜም መቅረጫው አይጥፋ።