ቀዩ የአንጀት ትል በጋፒ ገንዳ፦ ሕክምናው ደረጃ በደረጃ

አኳሪየም በሚባለው የመስታወት ገንዳ ከሚያዙት ጌጠኛ ዓሦች መካከል ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ እንቁላል የማይጥሉ፣ ጫጩት የሚወልዱ ዓሦች ናቸው። እነዚህን ዓሦች ከሚያጠቁት የውስጥ ጥገኛ ተውሳኮች፣ ማለትም በሌላ እንስሳ አካል ውስጥ ገብተው ከእርሱ በሚያገኙት ምግብ ከሚኖሩ ፍጥረታት፣ አንዱ ወስፋት ከሚመደብበት የድቡልቡል ትሎች ወገን የሆነው ካማላነስ ኮቲ ነው። ትሉ በጠንካራ አፉ የዓሣውን የአንጀት ግድግዳ ነክሶ ደም ስለሚመጥ መልኩ ቀይ ነው። ፍቱን መድኃኒት አለው፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ትሉን ከአንጀት ያላቅቀዋል እንጂ ከገንዳው አያወጣውም። ስለዚህ ሕክምናው የሚሳካው መጠኑ በትክክል ሲሰላ፣ የገንዳው ወለል ሳይውል ሳያድር ሲጸዳና መድኃኒቱ ጊዜው ሲደርስ ሲደገም ነው።

1. በሽታውን መለየት

ዋናው ምልክት ዓሣው ጸጥ ብሎ ሲቆም ከፊንጢጣው ብቅ የሚሉ፣ ሲንቀሳቀስ ወደ ውስጥ የሚሸሸጉ ቀያይ ክሮች ናቸው። ከዚህ ጋር ዓሣው እየበላ ይከሳል፣ ሆዱ ይጎደጉዳል ወይም ይነፋል። ክሩ ነጭና ንፍጥ መሰል ዓይነ ምድር ብቻ ከሆነ ግን መንስኤው ስፓይሮኑክሊየስን የመሰለ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ነው። ነጭ፣ ጠፍጣፋና የተቆራረጠ ጥብጣብ የሚመስል ነገር ከታየ ደግሞ የኮሶ ትል ወገን መሆኑ ይጠረጠራል፤ ለዚያ የሚያገለግለው ፕራዚኳንቴል ነው። ቀዩን ትል የሚያስለቅቀው መድኃኒት እነዚህን ሁለቱን ስለማያክም፣ ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ዓሣውን በከንቱ ማድከም ነው። የወጣውን ትል በወረንጦ መሳብም አንጀቱን ስለሚቀድደው ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም።

2. ገንዳውን ማግለል

ሴቷ ትል ሕያው እጮችን ወደ ውኃው ትለቃለች። በተፈጥሮ አካባቢ እጮቹን በቅድሚያ የሚውጣቸው ኮፐፖድ የተባለ፣ ከሸርጣን ወገን የሆነ ደቃቅ የውኃ እንስሳ ሲሆን፣ ዓሣው የሚያዘው ኮፐፖዱን ሲበላ ነው። በገንዳ ውስጥ ግን ካማላነስ ኮቲ ያለዚህ አሸጋጋሪ እጩ ራሱ በዓሣ ሲዋጥ መራባት ይችላል። አንድ ዓሣ ምልክት ሲያሳይ ሌሎቹም እጩን ሳይውጡ አይቀሩም፤ በመሆኑም የታመመው ዓሣ ተለይቶ ሳይሆን ገንዳው በሙሉ ይታከማል። እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ድረስ ከዚያ ገንዳ ዓሣ፣ ዕፅዋት፣ መረብ ወይም ውኃ ወደ ሌላ ገንዳ አይወሰድም።

3. ውኃውን መለካት

የውኃው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ተለክቶ ከተባዛ በኋላ ለ1,000 ሲካፈል መጠኑ በሊትር ይገኛል። ለምሳሌ 80 በ35 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ውኃ 112 ሊትር ነው፤ ጠጠርና ድንጋይ የያዙት ቦታ ሲቀነስ ወደ 100 ሊትር ይጠጋል። መድኃኒቱ የሚሰላው በዚህ በመጨረሻው ቁጥር እንጂ ገንዳው ሲሸጥ በተነገረው መጠን አይደለም።

4. መድኃኒቱን መምረጥና ማስላት

ለዚህ ትል ተመራጩ መድኃኒት ሌቫሚሶል ነው። የትሉን ጡንቻዎች አኮማትሮ ሽባ ስለሚያደርጋቸው፣ ትሉ የነከሰውን ይለቅና ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የተለመደው መጠን ለአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ግራም ንጥረ መድኃኒት ሲሆን፣ ከላይ ለተጠቀሰው ገንዳ 200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም የያዘ ፈሳሽ ከሆነ በመርፌ ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ይቀዳል።

በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ለከብትና ለበግ የሚሸጠው ቴትራሚሶል ከሌቫሚሶል ጋር መምታታት የለበትም፤ ቴትራሚሶል የሁለት መንትያ ቅርጾች ድብልቅ ሲሆን ትሉ ላይ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ነው፤ ያም ሌቫሚሶል ይባላል። ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ የተዘጋጀም ለዓሣ አይመረጥም። ስለዚህ መለያው ወረቀት በጥንቃቄ መነበብ፣ ጥርጣሬ ካለም የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ አለበት።

5. መድኃኒቱን መጨመር

በመጀመሪያ ወለሉ ይጸዳል፤ ከውኃው ከፊሉ ይቀየራል። አክቲቬትድ ካርቦን የተባለው ከሰል መድኃኒቱን ስለሚመጥጠው ከማጣሪያው ይወጣል፤ ማጣሪያው ራሱ ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ አየር የሚነፋው ፓምፕም ይጠናከራል። መድኃኒቱ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ተበጥብጦ በየቦታው ቀስ እያለ ይፈሳል። ሌቫሚሶል በብርሃን ስለሚዳከም መብራቱ ይጠፋል፤ ገንዳውም በጨርቅ ተሸፍኖ ለ24 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ዓሦቹ ውኃው ገጽ ላይ ወጥተው አየር የሚያሳድዱ ወይም ሚዛናቸውን የሚስቱ ከሆነ፣ የተወሰነው ሰዓት ሳይጠበቅ ውኃው ይቀየራል።

6. ወለሉን ማጽዳት

ብዙዎች ቸል የሚሉት ይህ ደረጃ የሕክምናው እኩሌታ ነው። የወጡት ትሎች ሽባ ሆኑ እንጂ የግድ አልሞቱም፤ ሴቶቹም በሆዳቸው እጭ ይዘዋል። ስለዚህ 24 ሰዓቱ እንዳበቃ የጠጠሩ ወለል ጥግ ሳይቀር በቱቦ ይመጠጣል፤ ቢያንስ የውኃው ግማሽ ይወገዳል፤ በምትኩ ክሎሪኑ የወጣለትና ሙቀቱ የተመጣጠነ ውኃ ይገባል። ከሰሉም የቀረውን መድኃኒት እንዲለቅም ወደ ማጣሪያው ይመለሳል። የተመጠጠው ቆሻሻ ወደ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ መደፋት የለበትም፤ መነሻው እስያ የሆነው ይህ ትል ከጋፒና ከዘመዶቹ ጋር ሃዋይ ደርሶ የአገሬውን ወንዝ ዓሦች የያዘው ሰዎች እነዚህን ዓሦች ወደዚያ በማስገባታቸው ነው።

7. መድገም

ከመጀመሪያው ሕክምና ያመለጡና ከዚያ በኋላ የተዋጡ እጮች በአንጀት ውስጥ ያድጋሉ። ስለሆነም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራው ከመለካት እስከ ማጽዳት ባለው ሙሉ ቅደም ተከተል ይደገማል፤ ቀይ ክር እንደገና ከታየ ሦስተኛ ዙር ይጨመራል። ዓሦቹ የዳኑ መምሰላቸው ድግግሞሹን ለመተው ምክንያት አይሆንም። በመካከሉ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ አንጀቱ የቆሰለ ዓሣ በአንድ ጊዜ ብዙ መመገብ አይገባውም።

8. ዳግም እንዳይገባ መከላከል

አዲስ የተገዛ ዓሣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት የራሱ መረብና ቱቦ ባለው የተለየ ገንዳ ይቆያል፤ ፊንጢጣውና ዓይነ ምድሩም በየዕለቱ ይታያል። ዓሣ ካለበት ኩሬ የተቀዳ ሕያው ምግብ ኮፐፖድ ሊይዝ ስለሚችል አይሰጥም። ዓሣ ሕመሙን በድምፅ አይናገርም፣ ከታመመበት ውኃም ሸሽቶ መውጣት አይችልም። በገንዳው ፊት ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ የሚመለከት ባለቤት ግን የመጀመሪያውን ቀይ ክር ገና ብቅ ሲል ያየዋል፤ በዚያን ጊዜ የተጀመረ ሕክምናም ከሁሉ የቀለለው ነው።