የድረ ገጽ ሰርቨር ስንት ገበያተኛ ይሸከማል? አስቀድሞ መጥኖ የማወቅ ጥበብ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የአሜሪካ መንግሥት ዜጎች የጤና መድን እያማረጡ የሚገዙበትን ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። ድረ ገጹ የታቀደው በአንድ ጊዜ ከ50,000 እስከ 60,000 ሰው እንዲያስተናግድ ነበር። በተከፈተ ሰሞን ግን 250,000 ያህል ሰው በአንድ ጊዜ እንደገባበት የመንግሥቱ ባለሥልጣናት ገለጹ። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን አጠናቀው የወጡት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩም በኋላ ለምክር ቤት የቀረበ ሰነድ አመልክቷል።

ይሁን እንጂ ለነጋዴው ትምህርት የሚሆነው የገበያተኛው መብዛት ብቻ አይደለም። ሥራውን የወሰዱት ኩባንያዎች ተወካዮች በዚያው ወር ለምክር ቤቱ በሰጡት ቃል፣ ሥርዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድነት የተፈተነው በመክፈቻው ዋዜማ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ብቻ መሆኑን አምነዋል። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ባለሀብትም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አክሲዮኑ የተሸጠው በቴሌብር ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ትዕዛዝ በኢንተርኔት የሚቀበል ደላላም ሆነ ዕቃውን በድረ ገጽ የሚሸጥ አስመጪ፣ መደብሩ ስንት ሰው እንደሚይዝ የማወቅ ግዴታ አለበት።

የጫና ፈተና ምንድን ነው?

ሰርቨር ማለት ድረ ገጹን ይዞ ለጠያቂው ሁሉ ምላሽ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። የጫና ፈተና ደግሞ እውነተኛው ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት በፕሮግራም የተፈጠሩ ሰው ሠራሽ ደንበኞችን እያበዙ ወደ ሰርቨሩ መላክና እስከ ምን ድረስ እንደሚሸከም መለካት ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ እንደ ጄሜትር፣ ሎከስትና አፓች ቤንች ያሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ስለዚህ ገንዘብ ጎደለ ብሎ ፈተናን መተው ምክንያት አይሆንም።

የሂሳቡ መሠረት ቀላል ነው። ወደ አንድ ሱቅ በደቂቃ 20 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢቆይ፣ በማንኛውም ሰዓት ውስጥ የሚገኘው ሰው በአማካይ 60 ነው። ሻጩ ተዳክሞ ቆይታው 9 ደቂቃ ቢደርስ፣ የገቢው ፍጥነት ሳይለወጥ በሱቁ ውስጥ 180 ሰው ይጨናነቃል። ሰርቨርም እንዲሁ ነው። በሴኮንድ 100 ጥያቄ ቢቀበልና እያንዳንዱን በ0.2 ሴኮንድ ቢጨርስ፣ በእጁ ላይ ያለው ሥራ 20 ብቻ ነው። ምላሹ 2 ሴኮንድ ከፈጀ ግን 200 ይሆናል። በአንድ ጊዜ 150 ብቻ እንዲያስተናግድ የተዘጋጀ ከሆነ የቀረው ደጅ ይሰለፋል። መዘግየት ራሱ ወረፋን እንደሚወልድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጉልበት የሚያልቅበት ነጥብ

ለምሳሌ ያህል አንድ ፈተና ይህን አሳየ እንበል። 100 ሰው ሠራሽ ደንበኞች ሲላኩ ሰርቨሩ በሴኮንድ 200 ጥያቄ ይመልሳል፤ እያንዳንዱም ግማሽ ሴኮንድ ይፈጃል። ደንበኞቹ 200 ሲሆኑ 300 ጥያቄ ይመልሳል። 300 ሲሆኑ ግን የሚመልሰው ያው 300 ነው፤ ያደገው የደንበኛው መጠበቂያ ብቻ ሲሆን እርሱም 1 ሴኮንድ ደርሷል። ደንበኞቹ 400 ሲሆኑ የሚመልሰው ወደ 220 ይወርዳል፤ ስህተትም ይበዛል።

የዚህ ሰርቨር አቅም በሴኮንድ 300 ጥያቄ ነው። አስተዋይ ነጋዴ ግን የዕለት ሥራውን በ300 ላይ አያቅድም። በ200 አካባቢ ይዞ ቀሪውን ለድንገተኛ ግርግር ያስቀምጣል። አቅሙ ሲሞላ ሰርቨሩ ባለበት እንደማይረጋና ከዚያ በታች እንደሚወርድ በፈተናው አይቷልና።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። ከ100 ደንበኞች 95ቱ በ1 ሴኮንድ፣ 5ቱ በ30 ሴኮንድ ቢስተናገዱ አማካዩ 2.45 ሴኮንድ ነው። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። እነዚያ አምስቱ ግን ምናልባት ገንዘብ ለመክፈል የመጨረሻው በር ላይ የደረሱት ናቸው። ስለሆነም በሪፖርቱ ላይ መጠየቅ ያለበት “ከመቶ 95ኛውና 99ኛው ደንበኛ ስንት ጠበቀ?” ተብሎ ነው።

ፈተናው ገበያውን ካልመሰለ

የአሜሪካው ድረ ገጽ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ገበያተኛው ዋጋ ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ይገደድ ስለነበር፣ ሊገዛ የመጣውም ሊያይ ብቻ የመጣውም በአንድ ጠባብ በር ተጨናነቀ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ደጋግሞ እየከፈቱ መፈተን ፈተና አይባልም። ሰው ሠራሹ ደንበኛ እንደ እውነተኛው ሊመዘገብ፣ ዕቃ ሊፈልግ፣ ትንሽ ሊያስብና ትዕዛዝ ሊሰጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ማነቆው ያለው ከፊት ካለው ሰርቨር ይልቅ ከኋላው ባለው የመረጃ ቋት ወይም ክፍያን ከሚያጣራው የሌላ ድርጅት መስመር ላይ ነው።

ፈተና ማካሄድ ብቻውንም በቂ እንዳልሆነ ደላሎች ከናዝዳክ መማር ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2012 ፌስቡክ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ናዝዳክ ሥርዓቱን አስቀድሞ ሞክሮ ነበር። ነገር ግን ሙከራው በ40,000 ትዕዛዝ የተገደበ ሲሆን፣ በዕለቱ የመክፈቻ ግብይት የተሰለፈው ከ490,000 በላይ ሆነ። ኮምፒዩተሩ የመክፈቻውን ዋጋ አስልቶ ሳይጨርስ በመካከሉ የሚደርሰው የትዕዛዝ ስረዛ ሂሳቡን እንደገና ያስጀምረው ነበር። ግብይቱ ዘገየ፤ ከ30,000 በላይ ትዕዛዞችም ከሁለት ሰዓት በላይ ታግተው ቆዩ። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ናዝዳክን 10 ሚሊዮን ዶላር አስቀጥቶታል። በትንሽ ጫና ያልታየ ስህተት በትልቅ ጫና ብቅ ሊል እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ከመጨረሻው ክፍያ በፊት

ድረ ገጽ የሚያሠራ ባለሀብት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን በውሉ ላይ ቢያሰፍር ይጠቀማል። አንደኛ፣ የሚጠበቀው ከፍተኛ የገበያተኛ ቁጥር በጽሑፍ ይወሰን፤ ፈተናውም ከዚያ አልፎ ሰርቨሩ እስኪሰበር ይቀጥል። ሁለተኛ፣ ጫናው ቀስ በቀስ፣ በድንገትና ለብዙ ሰዓታት ሳይቋረጥ በሦስቱም መንገድ ይሞከር፤ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ሰርቨር በስምንተኛው ሰዓት ሊወድቅ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ጫናውን የሚልከው ኮምፒዩተር ከሰርቨሩ የተለየ ይሁን፤ ካልሆነ ፈታኙና ተፈታኙ አንዱን ጉልበት ይሻማሉ። አራተኛ፣ ፈተናው ሥራ ላይ ባለው ሳይሆን በተመሳሳይ ቅጂ ላይ ይካሄድ። የአስተናጋጁ ድርጅትና የባንኩ ፈቃድም ይቅደም፤ ያለ ፈቃድ በሌላው ሰርቨር ላይ የሚላክ ጫና ጥቃት እንጂ ፈተና አይደለም። አምስተኛ፣ አቅም ሲሞላ የተረፈው ደንበኛ “ተራዎን ይጠብቁ” የሚል ገጽ እንዲያገኝ ይደረግ።

ሄልዝኬር ዶት ገቭ በመጨረሻ ተጠግኗል። ተጨማሪ ኮምፒዩተሮች ተተክለው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ስህተቶች ታርመውና ወረፋ ማስያዣ ተሠርቶለት፣ በዲሴምበር 1 ቀን 2013 በወጣው ሪፖርት 8 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው ምላሽ ከ1 ሴኮንድ በታች ወርዶ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውም 50,000 ሰው እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ቁጥር ገና ከመከፈቱ አለ ተብሎ ከታሰበው አቅም ጋር አንድ ነው። በግምት የነበረውን በተግባር ለማግኘት ሁለት ወር የፈጀ ሲሆን፣ ሁለቱም ወራት ያለፉት ገበያተኛው በር ላይ ቆሞ እያየ ነው።