በአማርኛ ስም መዝገብ መፈለግ፦ በማክሮ ወይስ በኮድ?

በብቸና ወይም በሞጣ የሚገኝ የመሬት ይዞታ መዝገብ በማይክሮሶፍት አክሰስ ቢደራጅ፣ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ባለይዞታ «ሐይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም የዩኒኮድ ቁጥራቸው 4608፣ 4624 እና 4736 ነው። መዝጋቢው «የለም» ብሎ አዲስ መዝገብ ከከፈተ፣ አንዱ ባለይዞታ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል።

ማክሮ፦ «ሰርች ፎር ሪከርድ» የተባለው ትእዛዝ ያለ ፕሮግራም ዕውቀት በፎርም ላይ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ለይዞታ ቁጥር ፍለጋም በቂ ነው። ይሁን እንጂ ተከታታይ የፊደል ልወጣን በማክሮ ብቻ መሥራት አድካሚ ነው።

ኮድ፦ በቪዥዋል ቤዚክ የሚጻፍ አንድ ፈንክሽን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይለውጣል፤ ሃንም ከሀ፣ ኣንም ከአ ጋር ያዋህዳል። የኮድ መጻፊያው መስኮት የግእዝ ፊደልን በትክክል ስለማያሳይ ፊደላቱ በቁጥራቸው ይጠራሉ። ውጤቱ ለፍለጋ ብቻ በተለየ ዐምድ ይቀመጣል፤ የተፈለገው ስምም በዚያው ፈንክሽን ተለውጦ ከዐምዱ ጋር ይነጻጸራል። ልወጣው ሠረቀንና ሰረቀን ስለሚያመሳስል የመጀመሪያው አጻጻፍ መነካት የለበትም።

«ብቸና» እና «ቢቸና» ግን የሚለያዩት በድምፅ ጭምር ስለሆነ ይህ ልወጣ አያገናኛቸውም። እንግዲህ ለቁጥር ማክሮ፣ ለሰው ስም ኮድ፣ ለቦታ ስም ደግሞ አስቀድሞ ከተወሰነ ዝርዝር መምረጥ ይበጃል።