የስኳር በሽታና የሴቶች ወርኃዊ ልማድ

ሰው ከሚበላው እህል የሚበዛው በሆድ ከተፈጨ በኋላ ስኳር ሆኖ በደም ይዞራል። ይህን ስኳር ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመበት ሰው በየዕለቱ በመርፌ ካልወሰደ በሕይወት ሊኖር አይችልም። መድኃኒቱ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ተገኝቶ፥ በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር።

የኢንሱሊን መጠን ከምግብና ከሥራ ጋር መመዛዘን እንዳለበት የታወቀ ነው። በሴቶች ዘንድ ግን ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ትክቶ ወይም የወር አበባ ነው። አበባው ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል፤ የኢንሱሊንንም ኃይል ያደክማል። ስለዚህ ብዙዎች ሴቶች ምግባቸውንም መድኃኒታቸውንም ሳይለውጡ ስኳራቸው ከፍ ይላል። አበባው በመጣ ጊዜ ሆርሞኑ ይቀንሳል፥ የኢንሱሊንም ኃይል ይመለሳል። ስኳር በዛ ተብሎ የተጨመረው መጠን ያን ጊዜ ሳይቀነስ ከቀረ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ስኳር ያነሰባት ልጅ ያልባታል፥ ትንቀጠቀጣለች፥ ትራባለች፥ ነገር ይምታታባታል፤ ሲብስም ራስዋን ትስታለች። ይህን ያየ ሰው ቡዳ በላት ብሎ ጢስ ሲያጤስ ጊዜው ያልፋል። መፍትሔው ግን ከቤት አይርቅም። መዋጥ የምትችል ከሆነች 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፥ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላትም መድገም ነው። ራስዋን ከሳተች በአፍዋ ምንም ሳይጨምሩ፥ በጎንዋ አስተኝተው ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል።

የሴቶች ሁሉ ሰውነት አንድ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ለውጡ ብዙ ነው፥ በአንዳንዶቹም ከቶ አይታይም። ስለዚህ በሽተኛይቱ አበባዋ የመጣበትን ቀንና የስኳርዋን ልክ 3 ወር ያህል በደብተር ብትጽፍ የራስዋን ሥርዓት ታውቃለች። ደብተሩንም ለሐኪም አሳይታ መጠኑን በምክሩ ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። መድኃኒቱን ፈጽማ ማቋረጥ ግን አይገባትም።

ልጃገረድ ይህን ለመናገር ታፍራለች። ስለዚህ መምህሩ እናትዋ ወይም አንዲት መምህርት እንድትጠይቃት ያድርግ፤ በትምህርት ሰዓት ስኳር መቅመስዋንም እንደ ጥፋት አይቁጠርባት። ሽማግሌዎችም ለቤተ ሰቡ ያስረዱ። የተፈጥሮ ልማድ ነውር የለበትም፤ በዕፍረት ምክንያት የምትጠፋ ነፍስ ግን እያወቁ ዝም ባሉት ላይ ዕዳ ናት።