ካምቢዮ ከታደሰ በኋላ የሚከሠት ንዝረት፦ ዳግመኛ ከማስፈታት በፊት የሚደረግ ምርመራ

የሰበካ ጉባኤያትና የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶች ከሚያስተዳድሯቸው ንብረቶች ሁሉ ከፍ ያለ የጥገና ወጪ ከሚጠይቁት አንዱ ተሽከርካሪ ነው። በተለይም አውቶማቲክ ካምቢዮን አስፈትቶ ማሳደስ ለአንድ ደብር ቀላል ወጪ አይደለም። መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ንዝረት ከታየበት ኮሚቴው በሁለት ሐሳብ ይያዛል፤ ጋራዡን ይውቀስ ወይስ ተጨማሪ ገንዘብ መድቦ ካምቢዮውን እንደገና ያስፈታ? በዚህ ጽሑፍ የምናሳስበው ሁለቱም ውሳኔዎች ከምርመራ በኋላ እንጂ ከምርመራ በፊት መምጣት እንደሌለባቸው ነው።

ንዝረቱ ከእድሳቱ በኋላ ታየ ማለት ከካምቢዮው ውስጥ ተነሣ ማለት አይደለም። ካምቢዮውን ለማውጣት ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ይፈታል፤ ካምቢዮው የተቀመጠበት ተሸካሚ ጎማ ይለቀቃል፤ ከሞተሩ ጋር ያያዙት ቡሎኖች ይወጣሉ። ስለዚህ ጉድለቱ በእድሳቱ ሳይሆን በመልሶ መግጠሙ ላይ ሊገኝ ይችላል። ማርሽ ሲለወጥ ብቻ የሚሰማ ድንገተኛ ግፊያም ከንዝረት የተለየ ስለሆነ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ለመነሻ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ንዝረቱ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የመኪናውን ፍጥነት? ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ በቀጭን የብረት ሳሕን ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ መኪናው ቆሞም ቢሆን ከሞተሩ እኩል ይዞራል። ረጅሙ ዘንግና ጎማዎቹ ግን የሚዞሩት መኪናው ሲሄድ ነው።

እንደ ላንድ ክሩዘር ያለ ረጅም ዘንግ ያለውን መኪና በምሳሌነት እንውሰድ። ዙሪያው 2.4 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ጥምርታ 4.1 ከሆነ ረጅሙ ዘንግ በዚያው ሴኮንድ 38 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጎማ ንዝረት እንደ መወዛወዝ፣ የዘንግ ንዝረት ግን እንደ እምምታ ሆኖ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ በሦስተኛው ማርሽ ብዙ ጊዜ ዙሩን ሳይቀንስና ሳይጨምር ያስተላልፋል፤ ኮንቨርተሩም ከተቆለፈ ሞተሩ በደቂቃ 2,280 ጊዜ ያህል፣ ማለትም እንደ ዘንጉ በሴኮንድ 38 ጊዜ ይዞራል። ሁለቱ እኩል ሲዞሩ የየትኛው ንዝረት እንደሆነ በስሜት መለየት አይቻልም። ስለዚህ በፈተና መለያየት ያስፈልጋል።

ሦስቱ ፈተናዎች

አንደኛው መኪናው ቆሞ የሚደረግ ነው። በደልዳላ ቦታ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ይታገዱ፣ ማርሹ በፓርክ ላይ ይሁን። ከዚያም ንዝረቱ በመንገድ ላይ በተሰማበት የሞተር ዙር ልክ ነዳጅ በቀስታ ይሰጥ። ንዝረቱ ከታየ ምርመራው ወደ ሞተሩ፣ ወደ ኮንቨርተሩና ወደ ብረት ሳሕኑ ይሄዳል። ካልታየ ጥርጣሬው ይበልጥ ወደ ዘንጉና ወደ ጎማዎቹ ያዘነብላል።

ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚደረግ ነው። ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ ላይ አንዱ ሲነዳ ሌላው ይመዝግብ። ንዝረቱ በሚሰማበት ፍጥነት የኦቨርድራይቭ ማጥፊያው ተጭኖ ካምቢዮው ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ የመኪናው ፍጥነት ግን አይለወጥ። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ንዝረቱም ከተለወጠ ምክንያቱ በሞተር በኩል ነው። ሳይለወጥ ከቀጠለ ዘንጉ ወይም ጎማው ይፈተሽ። በዚህ ፈተና ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት በፍጹም አይገባም፤ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉና።

ሦስተኛው የኮንቨርተሩን መቆለፊያ ፍሪሲዮን ይመለከታል። በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ ነዳጅ በጥቂቱ ሲሰጥ፣ ሸካራ መንገድ ላይ እንደመሄድ ያለ መንቀጥቀጥ ከተሰማ የፍሬን ፔዳሉን በቀስታ ነካ ማድረግ ነው። በብዙ መኪናዎች ይህ መቆለፊያውን ይለቀዋል። መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ ከሁሉ አስቀድሞ የዘይቱ ዓይነትና ልክ ይታይ። ለምሳሌ ቶዮታ ደብሊው ኤስ እና ቲ-አራት የሚባሉት የካምቢዮ ዘይቶች አንዱ በሌላው ምትክ የሚገቡ አይደሉም።

ከፈተናው በኋላ

ምክንያቱ በሞተር በኩል ከሆነ የሞተሩና የካምቢዮው ተሸካሚ ጎማዎች፣ በቤንዚን መኪና ደግሞ ካንዴላዎቹ ይታዩ። ቀጥሎ የኮንቨርተሩ ቡሎኖች ሁሉ መኖራቸውና እኩል መጥበቃቸው፣ የብረት ሳሕኑም አለመሰንጠቁ ይረጋገጥ። የቡሎኖቹ አቀማመጥ ከፈቀደ ኮንቨርተሩን ከሳሕኑ ፈትቶ በሌላ ቀዳዳ አዙሮ ማሰር ይቻላል። ይህ ንዝረቱን ከለወጠው የሚዛን ጉድለቱ በእነዚሁ በሁለቱ ዘንድ ነው። ይህም ካምቢዮውን ሳያወርዱ የሚሠራ ነው።

ምክንያቱ በዘንግ በኩል ከሆነ ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ምልክት ተደርጎበት እንደሆነና በዚያው ምልክት መመለሱ ይጠየቅ። ክሮቼራው እንዳልላላ፣ ዘንጉ እንዳልጎበጠ፣ የሚዛን ብረቱ እንዳልወደቀና መካከለኛ ኩሽኔታ ካለው እንዳልተበላ ይታይ። ጎማዎችን በተመለከተ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ የደረቀ ጭቃ ብቻ እንኳ ሚዛን ስለሚያዛባ ከሁሉ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ከዚያም የፊቱና የኋላው ተለዋውጦ ንዝረቱ ቦታ መቀየሩ ይታይ።

የኮሚቴው ድርሻ

የኮሚቴ አባላት መካኒክ እንዲሆኑ አይጠበቅም። መጠየቅና መመዝገብ ግን የኃላፊነታቸው ክፍል ነው። ንዝረቱ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በስንት የሞተር ዙር፣ በየትኛው ማርሽ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ እንደሚሰማ፣ በመሪው ወይም በወንበሩ ላይ መሆኑን በአንድ ገጽ ጽፈው ከመኪናው ጋር ለጋራዡ ይስጡ። የእድሳት ውል ሲፈረምም የሚገባው ዘይት ዓይነት፣ የዋስትናው ዘመንና ርክክብ ከመደረጉ በፊት በጋራ የሚደረግ የመንገድ ፈተና በጽሑፍ ይስፈሩ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር ጥፋቱ የጋራዡ ከሆነ ያለ ክርክር ያርመዋል፤ የጋራዡ ካልሆነም ያለ አግባብ አይወቀስም። ከምእመናን እጅ የተሰበሰበ ገንዘብም ሊታጠብ ለሚገባው ቸርኬ ሲባል ካምቢዮ በማስፈታት አይባክንም።