አራት ሰው በአንድ ስክሪን፦ የተኩስ ጌም የጋራ ጨዋታ ጥንካሬና ጉድለት

ገዳሪፍ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የእግር ኳስ ጌም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሁለተኛውን ዓይነት፣ ማለትም በጠመንጃ የሚተኮስበትንና ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተውን ጌም ነው። ወላጆቻችን የሚያውቁት ከበር ውጭ የሚሰማውን የጥይት ድምፅ ነው፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናወራው ማን ማንን እንዳሸነፈ ብቻ ነው። ጌሙ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ ጠንካራ እንደሆነና የት ላይ እንደሚደክም ግን ሁለታችንም ብዙም አስበንበት አናውቅም።

የተኩስ ጌም በሁለት መንገድ ይጫወታሉ። አንደኛው ብቻን ነው፤ ጠላቱ ማሽኑ ነው፣ ታሪኩም መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሌላው የጋራ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ጠላትም ጓደኛም ሰው ነው። የጋራ ጨዋታ ትልቁ ጥንካሬ ከዚሁ ይመነጫል። ማሽኑ ከየትኛው በር እንደሚወጣና መቼ እንደሚተኩስ በሁለት በሦስት ቀን ይለመዳል። ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለመድም። ትናንት በመስኮት የመጣ ልጅ ዛሬ ከኋላ ይመጣል። የሚፈራ አለ፣ የሚቸኩል አለ፣ አንድ ጥግ ተደብቆ ሰው እስኪያልፍ የሚጠብቅም አለ (ይህ ዓይነቱ ተጫዋች የትም ቦታ አይወደድም)። ስለዚህ አንድ ሲዲ ለብዙ ወራት ያጫውታል። ሲዲ ውድ ለሆነበት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኮንሶል ላይ ይህን አጨዋወት በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ለኒንቴንዶ 64 የወጣው ጎልደንአይ 007 ነው። ስክሪኑ ለአራት ይከፈልና አራት ልጆች በአራት ጆይስቲክ ይጫወቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር የወጣው ሄይሎ ደግሞ አራት ማሽኖችን በገመድ በማገናኘት እስከ 16 ሰው ያጫውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኮል ኦፍ ዱቲ 4ም ስክሪን ከፍሎ ያጫውታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሁሉ ያለ ምንም ኢንተርኔት የሚሆን መሆኑ ነው። መብራት፣ አንድ ቴሌቪዥንና ጆይስቲክ ካለ ይበቃል።

ስክሪን መክፈል ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 16 ኢንች ነው። ከሩቅ ያለ ጠላት እንደ ነጥብ ይታያል። የጎረቤትን ስክሪን ሰርቆ ማየትም አለ፤ ይህን ማጭበርበር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኛ ግን የሁሉም ስክሪን ለሁሉም እኩል ስለሚታይ የጨዋታው አካል ነው ብለን እንወስደዋለን። ዋናው ችግር ያለው በማሽኑ ላይ ነው። አንድ ሥዕል ይሥል የነበረው ኮንሶል አሁን ከአራት ቦታ የሚታዩ አራት ሥዕሎችን በአንድ ጊዜ መሣል አለበት። ስለዚህ ወይ ሥዕሉ ይደበዝዛል ወይ እንቅስቃሴው ይንቀራፈፋል።

በኢንተርኔት ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሙሉ ስክሪን ይደርሰዋል፤ ተጋጣሚም በማንኛውም ሰዓት ይገኛል። ጉድለቱ የሚጀምረው ከርቀት ነው። በፊዚክስ ትምህርት ያገኘነውን እዚህ መጠቀም ይቻላል። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ አውሮፓ ውስጥ፣ ከገዳሪፍ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል እንበል። 5,000 ለ200,000 ሲካፈል 0.025 ሰከንድ ነው፤ ደርሶ መልስ 0.05 ሰከንድ፣ ማለትም 50 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ኮል ኦፍ ዱቲ በሰከንድ 60 ሥዕል ስለሚያሳይ አንዱ ሥዕል የሚቆየው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። እንግዲህ የተኮስነው ጥይት መምታት አለመምታቱን ሰርቨሩ እስኪነግረን ድረስ ሦስት ሥዕል አልፏል። ይህም ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋና ምንም ነገር ባያዘገየው ነው። እውነተኛው ገመድ ግን መጀመሪያ ፖርት ሱዳን ወርዶ ቀይ ባሕር ይገባል፤ ከስልክ ወደ አንቴና የሚደረገው ጉዞም የራሱን ይጨምራል። ሰርቨሩ አጠገብ የሚኖር ልጅ ይህን ሁሉ አያውቀውም።

ጌም ሠሪዎች ችግሩን ለማቅለል ሰርቨሩ ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ተኳሹ በዚያች ቅጽበት ምን ያይ እንደነበር እንዲያሰላ ያደርጋሉ። ለተኳሹ ይህ ፍትሐዊ ነው። የተመታው ልጅ ግን ግድግዳ ጀርባ ከገባ በኋላ ይሞታል፤ «ተደብቄ ነበር እኮ!» እያለ የሚጮኸው በውሸት አይደለም፤ በእሱ ስክሪን ላይ በእርግጥ ተደብቆ ነበር።

በኮል ኦፍ ዱቲ 4 ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጨዋታውን የሚመራው የተለየ ሰርቨር ሳይሆን ከተጫዋቾቹ የአንዱ ኮንሶል ነበር። ለዚያ ልጅ መዘግየት የሚባል ነገር የለም፤ ዳኛው ከአንዱ ቡድን እንደተመረጠ ማለት ነው። እሱ ጥሎ ከወጣም ጨዋታው ያበቃል። ጨዋታው ሳይቋረጥ ኃላፊነቱ ወደ ሌላ ተጫዋች የሚተላለፍበት ዘዴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሞደርን ዋርፌር 2 ላይ ነው።

ለእኛ አካባቢ ግን ከሚሊ ሰከንድ የሚበልጥ ችግር አለ። ሱዳንም ሆነች ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ የሉም። ከፕሌይስቴሽን 4 ጀምሮ አብዛኞቹን ጌሞች በኢንተርኔት ለመጫወት ደግሞ የአባልነት ክፍያ ያስፈልጋል። በሌላ አገር ስም አካውንት ከፍቶ የሚጫወት ልጅ የይለፍ ቃሉ ከጠፋበት ማን እንደሆነ ማስረዳት ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን የተኩስ ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ ይህ አካውንት እንዲኖራቸው እንደሚያስገድድ ሲያስታውቅ፣ ጌሙ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወጣ። ተጫዋቾች በብዛት ስለተቃወሙ ኩባንያው ግዴታውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አነሣ። እንዲህ ያለ ዝርዝር መኖሩን ብዙ የዓለም ተጫዋቾች ያኔ ሰሙ፤ እዚህ ግን ድሮም የሚታወቅ ነገር ነበር።

አካውንት ያለውም ቢሆን መስመሩ ሲቋረጥ እኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2019 መጀመሪያ አንሥቶ በሱዳን የሞባይል ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 በኋላም ለሦስት ሳምንታት ያህል ጠፍቷል። በሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬት ፈተና ወቅት ደግሞ ለሰዓታት ሲዘጋ ታይቷል። ሄልዳይቨርስ 2ን የመሰለ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ጌም በእንዲህ ያለ ቀን ከፕላስቲክ ሲዲ አይበልጥም። በ1997 የወጣው ጎልደንአይ ግን ያኔም ይሠራል።

የሚያሳዝነው ኩባንያዎቹ እየተው ያሉት ይህንኑ ስክሪን የመክፈል ነገር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሄይሎ 5 ጭራሽ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ከላይ ያልነው የማሽኑ ጫና ነው። ደንበኞች ስላጉረመረሙ ሄይሎ ኢንፊኒት በ2021 ሲወጣ በውድድሩ ክፍል ተመለሰ፤ ለታሪኩ ክፍል የተገባው ቃል ግን በ2022 ተሰረዘ። በእኛ አስተያየት ለጥራት ሲባል የተወሰነ ውሳኔ ቢሆንም ዋጋውን የሚከፍለው አንድ ቴሌቪዥን ለአራት የሚጠቀም ልጅ ነው።

ወላጆች የሚጠይቁት ግን ይህን አይደለም፤ የሚጠይቁት ስለ ጠመንጃው ነው። እዚህ ላይ የጋራ ጨዋታው ከብቻው ጨዋታ ይብሳል ብለን እናምናለን። በኮል ኦፍ ዱቲ 4 የታሪክ ክፍል ተጫዋቹ የሚመራው ወታደር ከኑክሌር ፍንዳታ በኋላ እየተንፏቀቀ ወጥቶ ይሞታል፤ ተመልሶም አይነሣም። ጌሙን የሚያስነሣ ሁሉ እዚያ ላይ ዝም ይላል። በዚያው ሲዲ ላይ ባለው የጋራ ጨዋታ ግን የሞተ ሰው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይነሣል፤ ሞት ነጥብ ነው፣ ምክንያትም የለውም። በአሜሪካው ደረጃ አሰጣጥ ይህ ጌም ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ አይመከርም። ሽፋኑ ላይ የሚታየው ምልክት ሲዲው ያለ ሽፋን ሲዞር ወይም ጌሙ ማሽኑ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ለወላጅ አይታይም። ምልክቱ ቢታይም እንኳ ተጫዋቾች በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ስድብና ዛቻ አይመዝንም፤ ይህንንም ደረጃ ሰጪው ድርጅት ራሱ ይጽፋል።

ከእኛ መካከል የእውነተኛ ተኩስ ድምፅ ሰምቶ የመጣ አለ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በሃምዳይት በኩል ተሻግረው ኡም ራኩባ የደረሱ አሉ፤ ከኤፕሪል 2023 በኋላ ደግሞ ከካርቱም የመጡ አሉ። አንዳንዱ ይህን ጌም ማየት አይፈልግም። አንዳንዱ ከሁሉም በላይ ይወደዋል፤ ለምን እንደሆነ አንጠይቀውም። አንድ ክፍል ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች አጠገባቸው ማን እንደተቀመጠ አይተው የስፒከሩን ድምፅ ይቀንሳሉ፣ ወይም ሲዲውን አውጥተው ኳስ ይከፍታሉ። በኢንተርኔት የሚጫወት ልጅ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ማን እንደተቀመጠ አያይም።